ቱናን ያስወደደው አውሮፕላን

ቶኪዮ፣ ቶዮሱ ገበያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። ቱናዎቹ ጭራቸው ተቆርጦ በመደዳ ተጋድመዋል። ነጋዴዎቹ በቦት ጫማ እየተዘዋወሩ የተቆረጠው ላይ ባትሪ ያበራሉ፤ ከሥጋው ቆንጠር አድርገውም በጣታቸው ያሹታል። የሚፈልጉት ስቡን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ፣ የሱሺ ቤቶች ባለቤቱ ኪዮሺ ኪሙራ በጃፓኗ የኦማ ከተማ የተያዘ 278 ኪሎ ብሉፊን ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ገዙ፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኮሮና ምግብ ቤቶቹን ጭር ባደረገበት ጊዜ፣ ከዚያው ከኦማ የመጣ 208.4 ኪሎ ቱና በ20.84 ሚሊዮን የን ተሸጠ። በኪሎ ሲሰላ አሥራ ሁለት እጥፍ ወርዷል። የመጀመሪያው ዋጋ አብዛኛው የአዲስ ዓመት ገድና ማስታወቂያ ነበር፤ ይህን ራሳቸው ነጋዴዎቹም አይክዱም።

ይኸው ዓሣ በካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ዋጋ ቢስ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ለስፖርት ያጠምዱታል፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። በሌላ በኩል ካሜራና ኤሌክትሮኒክስ ጭነው ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩት የጃፓን አውሮፕላኖች ሲመለሱ የሚጭኑት ያጡ ነበር። የጃፓን አየር መንገድ ሠራተኞች የመልስ ጭነት ሲያፈላልጉ ቱናውን አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ነሐሴ ላይ የካናዳ ቱና በቅዝቃዜ ተጠብቆ ቶኪዮ ለጨረታ ቀረበ። ጃፓኖቹም ቢሆኑ ዛሬ የሚሻሙበትን ስባም የሆድ ሥጋ ቀድሞ ይንቁት ነበር።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የናይል ፐርች ፊሌት ወደ አውሮፓ ይላካል፤ አጥንቱና ራሱ ለአካባቢው ሰው ይቀራል። በኪሎ ከሥጋው እጅግ የሚበልጠው ግን የሆዱ የአየር ከረጢት ነው፤ ደርቆ ለቻይናውያን ሾርባ ይሄዳል።

ትኩስነት ብቻውን ዋጋ ቢያወጣ ኖሮ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከቶዮሱ ባላነሰ ነበር። ቆሮሶው ከጀልባ እንደወረደ ይገፈፋል፤ የፈለገ ጥሬውን በአዋዜ ይበላዋል። ሁዳዴ ሲገባ ዋጋው ይንራል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው)። በሌላው ጊዜ ግን በረዶና ማቀዝቀዣ መኪና እንደልብ ስለማይገኝ አጥማጁ ፀሐይ ሳትበረታ መሸጥ አለበት። ተከራካሪ ደንበኛም ይህን ስለሚያውቅ ረፈድ አድርጎ ይመጣል።