ከዘንጉ በፊት ፍሬኑ

«የትኛውን ዘንግ ልግዛ?» ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ወሬው ወደ ባሕር ሲዞር ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ያገሬ ልጅ ነው፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ አንድ ቀን ራቅ ብሎ መሄድ ያማረው። ጓደኞቹ ተዋጥተው ጀልባ ሊከራዩ ነው፣ ወይም የሥራ ባልደረባው ጋብዞታል፣ እሱም ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። እኔ ሐዋሳ ሳለሁ ሰዓት እጠግን ነበር፤ እዚህ የማጥመጃ ሪል እጠግናለሁ። ሪል ዘንጉ ላይ የሚታሰረው፣ ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ ነው። መልሴም ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራል፦ ዘንጉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እወቅ።

እዚህ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ዓሣ ፍለጋ ማለት ኦሽን ሲቲ ማለት ነው። ከዋሽንግተን ተነስቶ በሩት 50 የቼሳፒክን ድልድይ ለሚሻገር ሰው ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህች የሜሪላንድ ከተማ የዛሬውን የባሕር በሯን ያገኘችው በ1933 ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የመጣ አውሎ ነፋስ ጠባቡን የአሸዋ ደሴት በደቡብ በኩል ቆርጦ፣ ከውስጠኛው ውሃ ወደ አትላንቲክ የሚያወጣ መተላለፊያ ከፈተ። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ «የዓለም የነጭ ማርሊን ዋና ከተማ» የሚል ስም አወጣች፤ ማርሊን አፉ የረዘመ ትልቅ የባሕር ዓሣ ነው። ከ1974 ጀምሮም በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ትልቅ የማርሊን ውድድር ይካሄድባታል።

ዓሣው ግን ከዳር አይገኝም። ጀልባዎቹ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ተነስተው ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ባልቲሞር ካንየንና ዋሽንግተን ካንየን የሚባሉት የባሕር ውስጥ ሸለቆዎች ያሉት እዚያ ነው። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላው ጥልቀት በጥቂት ርቀት ውስጥ ወደ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ገልፍ ስትሪም ከሚባለው ሞቃት ጅረት የተገነጠለ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲገናኝ ትንንሽ ዓሦች በመገናኛው መስመር ይሰበሰባሉ፣ ትልልቆቹም ይከተሏቸዋል። ካፒቴኑ ዓይኑን ተክሎ የሚፈልገው ያንን መስመር ነው፤ የውሃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ የሚለወጥበትን፣ የባሕር አረም ተሰልፎ የሚንሳፈፍበትን፣ ወፎች የሚያንዣብቡበትን።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልመለስ። ሪል ሲፈታ ውስጡ ቀጫጭን ክብ ሳህኖች ይገኛሉ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ካርቦን ነው። የፍሬኑን ማንሻ ወደፊት በገፋችሁ ቁጥር ሳህኖቹ ይበልጥ ይጣበቃሉ። ዓሣው ከተወሰነው ኃይል በላይ ሲስብ ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ክሩም ሳይበጠስ ይለቀቃል። ሠላሳ ኪሎ የማይሞላ ዓሣ በአንድ ሩጫ ሁለት መቶ ሜትር ክር ሊወስድ ይችላል፤ ይህን የሚችለው ክሩ ወይም ክንዳችሁ ሳይሆን የሳህኖቹ ለስላሳ መንሸራተት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጡት ሪሎች አብዛኞቹ ከውጭ ሲያዩአቸው ያበራሉ። ስከፍታቸው ግን ቅባቱ ደርቆ፣ በካርቦኑ ጠርዝ ላይ ነጭ የጨው ፍንካች ተጋግሮ አገኛለሁ። እንዲህ ያለ ፍሬን መጀመሪያ ይይዝና ድንገት ይለቃል። ክር የሚበጠሰው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ባለቤቱ ግን «ክሩ መጥፎ ነበር» ብሎ ሌላ ክር ይገዛል።

መጠኑን በግምት አታስተካክሉ፣ በሚዛን ለኩት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ኃይል ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ይስተካከል። 30 ፓውንድ የሚችል ክር ከሆነ ከ8 እስከ 10 ፓውንድ ማለት ነው። የክሩን ጫፍ ከተንጠልጣይ ሚዛን ጋር እሰሩ፤ ዘንጉን ዓሣ እንደያዘ ሰው አዘንብላችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው ሚዛኑን ቀስ ብሎ ይሳብ። ክሩ መንሸራተት ሲጀምር የሚነበበው ቁጥር ነው ፍሬናችሁ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚሠራውም ወደብ ላይ እንጂ ዓሣው ከያዘ በኋላ አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ብዙ ሰው ስነግረው አያምነኝም። ዓሣው እየራቀ ሲሄድ ፍሬኑ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ይጠብቃል። የተጠቀለለው ክር ሙሉ ሳለ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነበር እንበል። ክሩ ወጥቶ ወጥቶ ስፋቱ 5 ሲሆን፣ ዓሣው ያንኑ ፍሬን ለማንሸራተት እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል። 9 ፓውንድ ያልነው 18 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ በውሃ ውስጥ የተዘረጋው በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ክር ራሱ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲጎተት ሌላ ክብደት ይጨምራል። ጀማሪ ክሩ እያለቀ መሆኑን ሲያይ ደንግጦ ፍሬኑን ያጠብቃል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ማንሻውን ትንሽ መለስ አድርጎ ካፒቴኑ ጀልባውን ወደ ዓሣው እንዲያዞር መጠበቅ። ርቀቱ ሲያጥርና ክሩ ሲመለስ ፍሬኑ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከባሕር ስትመለሱ ሪሉን በጎማ በኃይል አትርጩት፤ ግፊቱ ጨውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ በለስላሳ ንጹሕ ውሃ አጥቡት፤ ከደረቀ በኋላ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላሉት። ወራት ተጨብጦ የከረመ ሳህን ለስላሳነቱን ያጣል። በ1932 ፊላደልፊያ ውስጥ የተመሠረተው ፔን የሠራቸው፣ የባለቤቶቻቸውን አባቶች ያገለገሉ ሪሎች እስከ ዛሬ እጄ ይገባሉ፤ በደንብ የተያዙት ዛሬም ማርሊን ይይዛሉ።

ስለ ክርና ስለ ዘንግ ብዙ አልልም። ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ በአጭሩ አይ ጂ ኤፍ ኤ፣ ከተመሠረተበት ከ1939 ጀምሮ ክብረ ወሰን የሚመዘግበው በክር አቅም እየከፈለ ነው፤ ገበያውም ዘንግና ሪል የሚሸጠው በዚሁ ልክ ነው። ለነጭ ማርሊን 20 ወይም 30 ፓውንድ፣ ለቱና 50፣ ለሰማያዊ ማርሊን 80 ወይም 130 ይበቃል። በ2009 ኦሽን ሲቲ ላይ የተመዘነው ሰማያዊ ማርሊን 1,062 ፓውንድ፣ ማለትም 480 ኪሎ ገደማ ነበርና 130ው ለጌጥ አይደለም። ለጀማሪ ተራው ናይለን ክር ከተሸረበው ይሻለዋል፤ ናይለን ስለሚለጠጥ ድንገተኛ መንቀጥቀጥን ይችላል። ቋጠሮ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይለን እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግልና ይደክማል። ክርን በእጅ መጠቅለል ደግሞ በምንም ምክንያት አይደረግም፤ ጣት ይቆርጣል፣ ሰውም ባሕር ይከታል።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው መንጠቆው ላይ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ክሩን ነካ ሲያደርግ እጁን ፈጥኖ መንጨቅ ያውቃል። ኦሽን ሲቲ ላይ ይህ ልማድ ከእጅ መውጣት አለበት። እዚህ የሚሠራበት ክብ መንጠቆ ነው፤ ጫፉ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ራሱ ግንድ የዞረ። ባሊሁ የምትባል ቀጭን ዓሣ መንጠቆው ላይ ትታሰርና ጀልባው በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ከኋላ ይጎትታታል። ማርሊን ይመጣል። ቀርቦ ለማደን ሲነሣሣ ሰውነቱ ሲበራ ታያላችሁ፤ ጎኑና ክንፎቹ ድንገት ሰማያዊና ሐምራዊ ይሆናሉ። በረጅሙ አፉ ይመታትና ይጎርሳታል። በዚያን ጊዜ ክሩን ለቀቅ አድርጉለት፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ይሂድ። ከዚያ የፍሬኑን ማንሻ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ግፉ። አትንጨቁ። ዓሣው ፊቱን ሲያዞር መንጠቆው ጉሮሮውን ሳይወጋ ተንሸራትቶ ይወጣና በመንጋጋው ማዕዘን ላይ ዞሮ ይሰካል። ከነጨቃችሁ ግን ባዶ አፍ ነው የምታገኙት።

ይህ የስልት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት 41 ነጭ ማርሊኖችን ከያዙ በኋላ የሳተላይት መከታተያ እያሰሩ ለቀው ነበር። በክብ መንጠቆ ከተያዙት አንድም አልሞተም። የጄ ፊደል ቅርጽ ባለው በድሮው መንጠቆ ከተያዙት የተረፉት ግን 65 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰው ዓሣውን ለቅቄዋለሁ ብሎ ደስ ብሎት ሲመለስ፣ ዓሣው ሆዱ ተቀዶ ከታች እየሞተ ነበር ማለት ነው። ከ2008 ጀምሮ በአሜሪካ የአትላንቲክ የማርሊን ውድድሮች በእውነተኛ ዓሣ ለሚያጠምድ ተወዳዳሪ ክብ መንጠቆ ግዴታ ሆኗል። ለእኔ ግን ውድድርም ባይሆን ሌላው መንጠቆ ጀልባ ላይ መጫን የለበትም።

የማትወስዱትን ማርሊን ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ አታውጡ፤ ሕጉም ይከለክላል። የጀልባው ረዳት ጓንት አጥልቆ አፉን ይይዘዋል፣ ካፒቴኑ ጀልባውን በዝግታ ወደፊት ይነዳል፣ ውሃው በስንጥቡ በኩል ያልፍለታል። ቀለሙ ሲመለስና ጅራቱ ሲጠነክር ይለቀቃል። ፎቶው እዚያው ውሃው ውስጥ ይነሣ፤ ከየትኛውም የወደብ ላይ ፎቶ የሚያምረው ይህ ነው።

ለማዕድ የሚሆነው ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ነው። በፌዴራሉ ደንብ አንድ ሰው በቀን ሦስት ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱም ቢያንስ 27 ኢንች መሆን አለበት። ደንብ ስለሚሻሻል ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ቱና ከብዙ ዓሦች የሚለየው ሰውነቱ ሙቀት መያዙ ነው፤ ሲታገል ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ እንደተያዘ ደሙ ይፍሰስ፣ አንጀቱ ይውጣ፣ በረዶና የባሕር ውሃ በተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። ሙቀት ላይ ከቆየ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሥጋው ውስጥ ይከማቻል፤ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል። ሂስታሚን ደግሞ በመጥበስም በመቀቀልም አይጠፋም። ብዙዎቻችን ቱናን በሚጥሚጣና በቅቤ እንደ ክትፎ መሥራት እንወዳለን፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ከጀልባው ጀምሮ በበረዶ ያልመጣን ዓሣ ጥሬውንም ብስሉንም አልበላም።

ስለ ራሳችሁም ጥቂት ልበል። የባሕር ሕመም መድኃኒት ሕመሙ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቃችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ውሰዱት። ከናፍጣው ጭስ ራቁ፣ ዓይናችሁን አድማሱ ላይ አኑሩ፣ ስልክ አታንብቡ። ዓሣ ስትታገሉ የወገብ ቀበቶውን ታጠቁና ዘንጉን በእግርና በጀርባ አንሡት፤ ስታወርዱት ብቻ ጠቅልሉ። በተከራያችሁት ጀልባ የፌዴራሉን ፈቃድ የሚይዘው ካፒቴኑ ነው፤ በግል ጀልባ ከሆነ ግን ባለቤቱ ለቱናና ለማርሊን የሚያስፈልገውን ፈቃድ መያዝ አለበት። ለረዳቱ ጉርሻ መስጠት የወደቡ ወግ ነውና አስቀድማችሁ አስቡበት።

ዘንግ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የኪራይ ጀልባ ላይ ሁሉም ዕቃ አለ። ይልቅ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለካፒቴኑ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ፍሬኑን በሚዛን ትለካለህ ወይ? የምትጠቀመውስ ክብ መንጠቆ ነው? በሁለቱም ላይ አዎን የማይል ካፒቴን ካጋጠማችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ ወደቡ ላይ ሞልተዋል።