እሳቱ ጋ የቆመው ሹፌር

ባለፈው እትም ስለ እግር ኳስ ስለተጻፈ ዛሬ እኔ ስለ መኪና ውድድር ልጻፍላችሁ። የቱሉ ዲምቱ ልጆች ስለ መኪና ካልጻፍን ማን ይጻፍ? ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ክፍል ውስጥ እንኳ ሲኖትራክ ሲያልፍ ቲቸር ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

የምጽፍላችሁ ዴቪድ ፐርሊ ስለሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና 7 ጊዜ ብቻ ተወዳድሮ አንድም ነጥብ አላገኘም። "ታዲያ ምኑ ይጻፋል?" ትሉ ይሆናል። ጋራዥ የሚሠራው አጎቴ ሲያወራልኝ እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ተወዳዳሪ እንደ ፌራሪ ላለ ትልቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይነዳል። መኪናውም፣ መካኒኩም፣ ጎማውም ከፋብሪካው ነው። ሌላው ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን መኪና ገዝቶ ወይም ተከራይቶ በግሉ ይወዳደራል። አጎቴ፣ "አንዱን የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር በለው፣ ሌላውን የራሱን ሚኒባስ ይዞ የሚወጣ" አለኝ። ሚኒባሱ ከተበላሸ ወጪው ከራሱ ኪስ ነው። ፐርሊ እንደ ባለ ሚኒባሱ ነበር። ድሃ ነበር ብዬ ግን አልዋሻችሁም፤ አባቱ ሌክ የሚባል የፍሪጅ ፋብሪካ ነበራቸው፣ የውድድሩም ገንዘብ የሚመጣው ከዛ ነው። ከዚያ በፊት ደሞ በፓራሹት የሚዘል ወታደር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐምሌ 22 ቀን 1965 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1973) ሆላንድ ውስጥ ዛንድቮርት በሚባል ቦታ ውድድር ነበር። ሮጀር ዊሊያምሰን የሚባል የ25 ዓመት ልጅ ከፐርሊ ፊት ፊት ይነዳ ነበር። በፎርሙላ ዋን ሁለተኛ ውድድሩ ነው። መኪናው ድንገት ከመንገድ ወጥታ የብረት አጥሩን መታች፤ ተገለበጠችና እሳት ተነሣ። ልጁ ከሥር ቀረ።

ፐርሊ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና መንገዱን አቋርጦ ሮጠ። መኪናዋን ለማገላበጥ ብቻውን ታገለ፤ አልቻለም፣ ከግማሽ ቶን በላይ ናት። በኋላ እንደተናገረው ልጁ ከውስጥ ሲጮህ ይሰማው ነበር። የእሳት ማጥፊያ አምጥቶ ረጨ፣ አለቀበት። እዚያ የነበሩት አስተናባሪዎች እሳት የሚከላከል ልብስ ስላልነበራቸው አይጠጉም። የሚያልፉትን ሹፌሮች በእጁ እየጠራ ቁሙ ቢላቸውም አንድም አልቆመም። ውድድሩም አልተቋረጠም። ዊሊያምሰን እዚያው ሞተ።

ይሄን ስሰማ በጣም ተናደድኩ። "እንዴት ሰው ሲቃጠል ዝም ብለው ያልፋሉ?" አልኩት አጎቴን። እሱ ግን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሹፌሮቹ ያዩት አንድ የሚቃጠል መኪናና አጠገቡ ሄልሜት ያደረገ ሰው ነው። "ሹፌሩ ወጥቷል፣ ተመስገን" ብለው አሰቡ። ፐርሊን የተቃጠለው መኪና ሹፌር አድርገውት ነው! በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 55 ሜትር ይጓዛል። ክፍላችንን ለክቼው 8 ሜትር ነው። አንድ ሴኮንድ ማለት ሰባት ክፍል አለፉ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ማን አስተውሎ ያያል?

እኔ ግን በፍጥነት አላለፍኩም፤ ቆሜ ነበር። ባለፈው ክረምት ዝናብ እየጣለ ከኮንዶሚኒየማችን በታች አንድ ባጃጅ ተገለበጠ። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ከበን አየን። አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጻል። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ "ትልልቆቹ ያነሡታል" እያልኩ ነበር። ትልልቆቹም ምናልባት "ሌላው ደውሏል" ብለው ይሆናል። መጀመሪያ የሮጡት በቆሎ የሚጠብሱት እናት ናቸው። "ኑ አንሡ እንጂ! ምን ታያላችሁ!" ሲሉ ሁሉም ነቃና ባጃጁ በአንዴ ተነሣ። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የተደወለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ፐርሊ ለዚያ ቀን ሥራው ጆርጅ ሜዳል የሚባል የእንግሊዝ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1977 (በፈረንጆቹ) ደሞ ሌክ የሚል ስም ያለው የራሱን መኪና አሠራ። በዚያው ዓመት ሲልቨርስቶን ላይ የነዳጅ መርገጫው ተነክሶ ቀረና በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር እየሄደ አጥር መታ። መኪናዋ የቆመችው በ66 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ያ ማለት ከአንድ ዴስክ ቁመት አይበልጥም። ሰውነቱ ላይ ያረፈው ኃይል ከስበት 179.8 እጥፍ ነበር። እኔ 38 ኪሎ ነኝ። እዚያ ውስጥ ብሆን ለዚያች ቅጽበት ወደ 68 ኩንታል እከብድ ነበር። እግሩ፣ ዳሌውና የጎድን አጥንቱ ተሰባበረ፤ ግን ተረፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ተመልሶ ነዳ። የሞተው በ1985 የትርኢት አውሮፕላን ሲያበር ባሕር ላይ ወድቆ ነው። 40 ዓመቱ ነበር።

የባጃጁ ሹፌር ድኗል። አሁንም ጠዋት ጠዋት ልጆች ያመጣል፤ እኔንም ሁለት ጊዜ አሳፍሮኛል። ያን ቀን እዚያ ቆሜ እንደነበር አላወቀም፣ እኔም እስካሁን አልነገርኩትም።