ከ10 ሺህ ጫማ በታች ወሬ የለም

አብራሪ የሚጨነቀው ጎማው መሬት ሲነካ ይመስለናል። ሥራው የሚደራረበው ግን ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ፍጥነት ይቀነሳል፣ የክንፉ ፍላፕ ይዘረጋል፣ ጎማ ይወጣል፤ የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ አዲስ አቅጣጫና አዲስ ከፍታ ይሰጣል። ከፊት ደመና፣ ከጎን ሌላ አውሮፕላን ይኖራል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ አብራሪ ሥራውን ገና ከላይ ሳለ ያቃልላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል ያህል ርቀት ይያዛል። በ35 ሺህ ጫማ የሚበር አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለ ማረፊያ ሲሄድ 105 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው መውረድ ይጀምራል። ነፋስ ከኋላ የሚገፋው ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል። እዚያ ነጥብ ላይ ከመድረሱ በፊት የአየር ጠባዩ ተሰምቶ፣ አቀራረቡ በበረራ ኮምፒውተሩ ገብቶ ማለቅ አለበት። ሁለቱ አብራሪዎችም ድምፅ አውጥተው ይመካከራሉ፦ በየትኛው ማኮብኮቢያ እናርፋለን? ማኮብኮቢያው ሳይታየን እስከ ስንት ጫማ እንወርዳለን? ካልቀናን በየት በኩል እንወጣለን?

ከዚያ ሥራ ይከፈላል። አንዱ ያበራል፤ ሌላው ሬዲዮ ይይዛል፣ መሣሪያዎቹን ይከታተላል፣ ከፍታውን ይጠራል። ተቆጣጣሪው በመጨረሻ ሰዓት ማኮብኮቢያ ቢቀይርባቸው፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያቀረቅር የሌላው ዓይን ከመሣሪያው መነሳት የለበትም። ጊዜ ካጠረ ደግሞ «ጥቂት እንዙር» ብሎ መጠየቅ መብታቸው ነው።

በዚህ ሰዓት ወሬን የሚከለክለው ሥርዓት በደም የተገኘ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 212 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ወዳለችው ሻርሎት ከተማ እየወረደ ነበር። አውሮፕላኑ ዲሲ-9 ሲሆን 82 ሰዎች ተሳፍረውበታል። ጠዋት ነው፤ መሬቱን ጭጋግ ሸፍኖታል። የድምፅ መቅጃው በኋላ እንዳሳየው አብራሪዎቹ ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ያወሩ ነበር። ቀጥሎም የካሮዊንድስ መዝናኛ ፓርክን ማማ በዓይናቸው መፈለግ ያዙ። መጠራት የነበረበት ከፍታ አልተጠራም። ከመሬት 1,000 ጫማ ሲቀር የማስጠንቀቂያው ድምፅ ቢጮህም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ተከሰከሰ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አብራሪዎቹ ከፍታቸውን አለማወቃቸውን ለአደጋው ምክንያት አድርጎ፣ መነሻውም የኮክፒት ሥርዓት መጓደል ነው አለ።

በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ10 ሺህ ጫማ በታች ከበረራው ደኅንነት ጋር ያልተያያዘ ሥራና ወሬ እንዳይኖር ደነገገ። መብላት፣ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ አስተናጋጆችን በማይረባ ጉዳይ መጥራት ቀረ።

ቁጥሩ ግን ለሁሉም አገር እኩል አይበቃም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ከባሕር ወለል የተለካ 10 ሺህ ጫማ እዚያ ከማኮብኮቢያው በላይ 2,400 ጫማ ብቻ ነው፤ በተለመደው አወራረድ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። አየሩም ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው 160 አካባቢ ነው። ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ወደ ቦሌ የሚመጣ አብራሪ ወሬውን ከዚህም ቀደም ብሎ ማቆም አለበት።

የመጨረሻው ፈተና ከመሬት 1,000 ጫማ ላይ ነው። ጎማ ወጥቷል? ፍላፑ ቦታውን ይዟል? ፍጥነቱ ልክ ነው? አወራረዱ በደቂቃ ከ1,000 ጫማ አልበለጠም? ቼክሊስቱ አልቋል? አንዱ ከጎደለ ማረፉ ቀርቶ የሞተር ኃይል ተጨምሮለት ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎም የተሳፈሩበት አውሮፕላን መሬት ሊነካ ሲል ድንገት ሽቅብ ቢነሳ አይደንግጡ፤ አብራሪዎቹንም ለመዘግየቱ አይውቀሷቸው።