ያልተጻፈ መመዘኛ ክብደቱ ዜሮ ነው

እዚህ ስዊድን፣ ሶደርተልየ ከተማ የምትኖሩ ሆቭሾ የተባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት በተነሣችበት ዘመን የተወለደ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ ፎቆቹ እንዲያ ቀጥ ብለው የተሰለፉት ክሬኑ በሐዲዱ ላይ እየሄደ እንዲሠራቸው ነው። ለክሬኑ ያን ያህል ክብደት ይሰጠው ተብሎ ነዋሪው ተጠይቆ ግን አልነበረም።

ሥነ ሕንፃ የሚያጠና ሁሉ የውሳኔ ሒሳብን እንዲያውቅ የምመኘው ለዚህ ነው። ኪኒ እና ራይፋ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ዓላማ ያለውን ውሳኔ እንዴት በቁጥር እንደሚመዝኑት አሳይተዋል። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ መመዘኛዎቹን ትጽፋላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ትሰጣላችሁ፣ አማራጮቹን ነጥብ ትሰጣላችሁ፣ አባዝታችሁ ትደምራላችሁ።

ለምሳሌ ያህል አንድ አሮጌ ፎቅ ይታደስ እንበል (ቁጥሮቹ የኔ ናቸው)። «ሀ» ነዋሪው ሳይወጣ ተራ በተራ ማደስ፣ «ለ» ሁሉን አስወጥቶ በአንዴ ማደስ ነው። በወጪ «ሀ» 40፣ «ለ» 90 ያገኛል (ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል)። በሙቀት ቁጠባ 60 እና 80፤ ነዋሪውን ከቤቱ ባለማፈናቀል 90 እና 20። ክብደቱ ለወጪ 40 ከመቶ፣ ለሌሎቹ 30፣ 30 ከሆነ «ለ» 66 ለ61 ያሸንፋል። የወጪና የነዋሪው ክብደት ቦታ ቢለዋወጡስ? «ሀ» 66 ለ59 ይቀድማል። የሙቀቱን 30 ሳንነካ ውጤቱ የሚገለበጠው የወጪ ክብደት 36 ከመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ስብሰባው ««ሀ» ይሻላል፣ «ለ» ይሻላል» እያለ ከሚጯጯህ፣ የወጪ ክብደት ከዚያ በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ ይነጋገር። ሒሳቡ ውሳኔውን አይሰጥም፤ የተለያየንበትን ነጥብ ግን ይነግረናል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። «ወጪ ከሁሉም ይበልጣል» ማለት ብቻውን ምንም አይልም። በአማራጮቹ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ክብደቱም ማነስ አለበት። ክብደት የሚሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለልዩነቱ ነው።

ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ ልመለስ። የኮንዶሚኒየም ግቢዎች እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት እንዲኖራቸው ታስቦ ነው የተነደፉት። ይህ የሚመሰገን ነው፤ መመዘኛው ስለተጻፈ ቦታ አገኘ። ነገር ግን አሳንሰር ከሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ፣ እንጀራ ተሸክሞ መውጣት በየትኛው ረድፍ ገባ? ብዙዎች ቤታቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግሩ ምን ይገርማል! ስዊድንንና አገራችንን በዚህ ሙያ የሚያገናኝ ነገርም አለ፤ የአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። እዚያ የምትማሩና ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ቀጣዩን የመኖሪያ ቤት ንድፍ ከመጀመራችሁ በፊት የመመዘኛዎቹን ሠንጠረዥ ለሚጋግሩት እናቶች ውሰዱላቸው፤ ክብደቱን እነሱ ይሙሉት።