የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ «ሱ» ለምን እምቢ ይላል?

የዩኒክስ ዘር የሆኑ ሥርዓቶች ሰውን በስም ሳይሆን በቁጥር ያውቁታል። ቁጥሩ 0 የሆነው «ሩት» የማይፈቀድለት ነገር የለም፤ ሌላው ሁሉ በተሰጠው ልክ ያድራል። ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው የሚያሻግረው «ሱ» የተባለው ትእዛዝ በ1971 ከወጣው ከመጀመሪያው የዩኒክስ እትም ጀምሮ አለ። ዛሬ ኡቡንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ተርሚናል ከፍቶ ይህን ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ግን የራሱን የይለፍ ቃል ሳይሳሳት ጽፎም ይመለሳል። ወዲያው የሚጠረጠረው የፋይል ፈቃድ ነው። ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው፤ ሥርዓቱ የታዘዘውን ፈጽሟል፣ ያልታወቀው የማን የይለፍ ቃል እንደተጠየቀ ነው።

«ሱ» የሚፈልገው ወደ እሱ የሚሻገሩበትን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ነው፤ ስም ካልተጠቀሰም ያ ተጠቃሚ ሩት ነው። ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 ከወጣ ጀምሮ የሩትን የይለፍ ቃል ቆልፎ ስለሚመጣ፣ ምን ቢጻፍ ልክ አይሆንም። በ1980 አካባቢ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት «ሱዱ» ነገሩን ገለበጠው፤ የጠያቂውን የራሱን የይለፍ ቃል ይቀበልና ስሙ ከተፈቀደላቸው መካከል መኖሩን ያያል። ዴቢያን የተባለው ሥርዓት ሲጫን ለሩት የይለፍ ቃል ያወጣ ሰው «ሱዱ» በተባለው የተፈቀደላቸው ቡድን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ እዚያ «ሱ» እሺ ሲል «ሱዱ» እምቢ ይላል። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሥርዓት ደግሞ የሩትን የይለፍ ቃል ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ «ዊል» የተባለው ቡድን አባል መሆን ያሻል። አባልነትን «አይዲ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። ሰዓት የሚያስፈጀው ግን ሌላ ነው፤ ቡድን የሚነበበው ተጠቃሚው ሲገባ በመሆኑ፣ አዲስ አባል የሆነ ሰው ወጥቶ እንደገና ካልገባ ምንም አይለወጥለትም።

እውነተኛ ብልሽት የሚመጣው በንዴት ነው። ዴኒስ ሪቺ ፈልስፎ በ1979 የባለቤትነት መብት ያገኘበት «ሴትዩአይዲ» የተባለ ምልክት አለ፤ ፕሮግራሙን ማንም ያስነሳው፣ በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲሠራ ያደርጋል። «ሱ»ም «ሱዱ»ም ያለዚህ ምልክት አቅም የላቸውም። የሥርዓቱን ፎልደሮች ፈቃድ ከነፋይሎቻቸው በሙሉ ለሁሉም ክፍት የሚያደርገውን 777 ያደረገ ሰው ምልክቱን ከፋይሎቹ ላይ ይፍቀዋል፤ ሁሉን ለሁሉ ልክፈት ብሎ መሻገሪያውን ይዘጋል። ለሁለቱ ፋይሎች ባለቤታቸውን ሩት አድርጎ ምልክቱን የሚመልሰውን 4755 መስጠት ቢያድናቸውም፣ ሌላው የተነካካው ሁሉ ስለሚቀር እንደገና መጫኑ ይቀላል።

ኮምፒውተሩ የእኔ ብቻ ነው፣ ጥበቃው ለምኔ የሚል ይኖራል። ነገር ግን በስሙ የሚሠሩት ብሮውዘሩና ያወረዳቸው ፕሮግራሞችም ናቸው። «ሱዱ» ራሱ ቀዳዳ ነበረበት የሚለው ክርክር ይከብዳል፤ በ2021 ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ይፋ ያደረገው ስህተት ከ2011 ጀምሮ የኖረ ነበር። ይህ መሻገሪያውን ለማጥበብ ምክንያት ይሆናል፤ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓትም በ2015 «ዱአስ» በተባለ አነስ ያለ ፕሮግራም ተክቶታል። ሁልጊዜ ሩት ሆኖ ለሚቀመጥ ግን አጥቂው ቀዳዳ መፈለግም አያስፈልገውም። «ሱ» እምቢ ሲል የሚያሳየው መልእክት ድፍን ነው የሚለው ወቀሳ ትክክል ነው፤ የተቆለፈን ሒሳብ ከተሳሳተ የይለፍ ቃል አይለይም። ስለዚህ ፈቃድ ከመቀየርዎ በፊት «ጆርናልሲቲኤል» የሚያወጣውን መዝገብ ያንብቡ። የ«ሱዱ»ን የፈቃድ ፋይልም «ቪሱዱ» በሚባለው ብቻ ያርሙ፤ ከማስቀመጡ በፊት የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይነግርዎታል።