የደበቋቸውን ልጆች ወደ አደባባይ ስላወጡት የአሜሪካ አይሁድ

ሁላችንም እያወቅነው የማንናገረው ነገር አለ። በዋሽንግተንም ይሁን በሎስ አንጀለስ፣ በዓል ሲደርስ አባት ትልልቆቹን ልጆች ይዞ ወደ አዳራሹ ብቅ ይላል፤ እናት ግን የለችም። «ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። እንዳላመማት የሚያውቅ ያውቃል። ቤት የቀረችው ከማይናገረው፣ አንድ ቦታ ከማይረጋው ልጇ ጋር ነው። ሰው ምን ይላል!

ይህ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ አይሁድም በዚሁ መንገድ አልፈዋል።

ኸርብ እና ባርባራ ግሪንበርግ ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ራማ በሚባሉት የአይሁድ ልጆች የሰመር ካምፖች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸውም ቦታ ይሰጥ ብለው ጠየቁ። የካምፖቹ ኃላፊዎች ደነገጡ። ሥርዓቱ ይናጋል፣ ሌሎቹ ልጆች ይፈራሉ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ያስወጣሉ አሉ። እሺ ያሉት በኒው ዮርክ ግዛት የግሌን ስፔይ ካምፕ ኃላፊ ዶናልድ አደልማን ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 «ቲክቫ»፣ ማለትም ተስፋ፣ የተባለው ፕሮግራም እዚያ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ማሳቹሴትስ ተዛውሮ ሥር ሰደደ።

ልጆቹ ከሌሎቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይዋኛሉ፣ የሰንበት ዋዜማ ጸሎት ይቆማሉ። ከፍ ያሉት ደግሞ ሥራ ይለማመዳሉ። በአንዳንዱ ካምፕ የራሳቸው ማደሪያ አላቸው፣ በሌላው ከእኩዮቻቸው ጋር ያድራሉ። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ለኔ ክርክሩ ራሱ ደግ ነው፤ ቀድሞ ክርክሩ ይምጡ ወይስ ይቅሩ ነበርና።

በ1983 ደግሞ በኦርቶዶክስ አይሁድ በኩል «ያሐድ» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ትርጉሙ አብሮ፣ በአንድነት ማለት ነው። ቃሉ «ተዋሕዶ» ከምንለው ግዕዝ ጋር የሥር ዘመድ መሆኑን ልብ ይሏል! ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ወጣቶች ሰንበትን አንድ ላይ ያሳልፋሉ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን በ1994 በሚሺጋን የተጀመረው «የወዳጅነት ክበብ» ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ልጁ ቤት ይሄዳሉ፤ ይጫወታሉ፣ ይሥላሉ፣ ይሥቃሉ። ሐኪሞች አይደሉም፤ ጓደኞች ናቸው። እናትየው በዚያች ሰዓት ገላዋን ትታጠባለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ ወይም ዝም ብላ ትቀመጣለች። ለእንዲህ ያለች እናት አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ያላየው አይገባውም።

«መንግሥት አስገድዷቸው ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቦታዎችን በሚመለከተው ክፍሉ የሃይማኖት ድርጅቶችን ነፃ አድርጓል። ብዙ ምኩራቦች ግን በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ኦሪት ወደሚነበብበት መድረክም የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ሠርተዋል። በር ድረስ ማስገባትና እንዲያነብ መጥራት ለየቅል ነው። ለመሆኑ ነቢዩ ሙሴስ ኮልታፋ አልነበሩም?

ለኛ ካምፕ መግዛት ይከብድ ይሆናል። ልጆች ግን አሉን። በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ማሟላት አለበት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወላጆች ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ። ሰዓቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ በመደርደር የሚጨርሱ ስንት ናቸው? ጥቂቱ በአንዲት እናት ሳሎን ቢውል ምናለ። ማኅበራችን ወይም ቤተ ክርስቲያናችን ሰዓቱ እንዲቆጠር ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ልጆቹን የሚያሰማራ አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰውም መመደብ ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ስልክ ግን ለእናትየው መደወል ነው፤ እሷ ከመደወል ከተወች ቆይታለች።