የመቅደላ ጎጆዎችና የ9 ሚሊዮን ፓውንዱ ዘመቻ

ከሐይቅና ከአምባሰል በስተ ምዕራብ፣ በተንታ ምድር፣ የመቅደላ አምባ ይገኛል። በ1860 ዓ.ም. አምባው ላይ የነበሩት ቤቶች አብዛኞቹ ጎጆዎች ነበሩ፤ ምሰሶና ማገራቸው እንጨት፣ ክዳናቸው ሳር ነው። ዋናው ግንባቸው ገደሉ ነበር።

ወደዚህ አምባ የንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት የላከውን ኃይል እንቁጠር። 13,000 ወታደሮች። 26,000 ጭነት ነጂዎችና አገልጋዮች። ከ40,000 በላይ እንስሳት፤ ከእነሱም ውስጥ 44 ዝሆኖች። ይህን ሁሉ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዋ ዙላ ያሻገሩት ከ280 በላይ መርከቦች ናቸው። እንግሊዞች ዙላ ላይ መርከብ ማራገፊያ ሠርተው፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ሸለቆ አቆራርጠው መቅደላ ደረሱ።

ዘመቻው 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ። ሊያስፈታቸው የመጣላቸው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩት አውሮፓውያን ቤተሰቦቻቸውን ጨምሮ 60 ያህል ነበሩ። ወጪው ለእያንዳንዳቸው ሲካፈል 150,000 ፓውንድ ይደርሳል!

ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ሚያዝያ 10 ቀን ቤቶቹ በእሳት ጋዩ።

ከመቃጠላቸው በፊት ግን ተዘርፈዋል። ዝርፊያውን ወደ ደላንታ ሜዳ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። የጳጳሱ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ለእንግሊዝ ሙዚየም የተገዙት ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ነው። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። የጎጆዎቹ ዋጋ በክዳናቸው ሳይሆን ባቀፉት ሀብት ይለካ ነበር።

ከዚያ አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ። ሊድስ ከተማ፣ ሄዲንግሊ ሰፈር፣ በአስተማሪው ቤት ታሞ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው። አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለም፤ ምክንያቱ የሌሎች ሙታን ዕረፍት እንዳይታወክ የሚል ነበር።

የመርከቡና የዝሆኑ ብዛት ያስደንቃል። መዝገቡ ግን ወጪው ስለተከፈለ ብቻ አይዘጋም። ብራናዎቹም ልጁም ወደ አገራቸው መመለስ አለባቸው።